ቀጥ ያለ ግድግዳ ያልወደደው የመዳብ ቀጥቃጭ ልጅ

ኮዬ ፈጬን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስተዋውቅ። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ቀደም ሲል ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት በነበረ ጥቁር መሬት ላይ፣ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው የቆሙበት ሰፈር ነው። መስኮቱ አራት ማዕዘን፣ በረንዳው አራት ማዕዘን፣ ሳሎኑም አራት ማዕዘን ነው። በስተምሥራቅ የረር ተራራ ጎብጦ ባይታይ ኖሮ ዓይን የሚያርፍበት ጥምዝ ነገር ማግኘት ይቸግር ነበር።

ከምድር ያሉት የንግድ ቤቶችም ያው ሳጥን ናቸው። ሳጥኑን በጨረታ የገዛ ወይም የተከራየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሳጥንነቱን እንዴት እንደሚደብቅ ነው። ኮርኒሱን በጂፕሰም ያስጌጣል፤ ግድግዳውን እብነ በረድ በሚመስል ፕላስቲክ ይለብጣል፤ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ውኃ የማይጠጣ፣ ቅጠል የማያረግፍ የፕላስቲክ ዛፍ ያቆማል። ከዚያ ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል።

በቅርቡ ከእነዚህ ሳጥኖች ወደ አንዱ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ባለቤቷ ወጣት ሴት ናት። ግድግዳውን በቀርከሃ ለብጣዋለች። መብራቶቹ የተንጠለጠሉት በአሮጌ የመሶብ ክዳኖች ውስጥ ነው። መቀመጫው ከአንዱ ጥግ ተነስቶ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ እስከ በሩ የሚደርስ የድንጋይ መደብ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ደንበኞች ገንዘቡ አልቆባት ነው ወይ፣ ሴራሚኩስ መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሒሳብ ስከፍል ግን የቤተሰቡም ጥያቄ ያው መሆኑን ነገረችኝ። ለአዲስ ዓመት መደቡን አስፈርሳ፣ ቀርከሃውን አንስታ እንደ ሰው ጂፕሰም ልታስገባ እያሰበች ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ በሐሳቤ የመጣው ከሩቅ አገር የሆነ አንድ ሰው ነበር። እሱም በዘመኑ እንዲሁ ተስቆበታል። ጋዜጦች ቤቶቹን በካርቱን አላግጠውባቸዋል። ዛሬ በእነዚያው ቤቶች በር ላይ ሰው ቲኬት ለመቁረጥ ይሰለፋል። ይህ ሰው የባርሴሎናው አርክቴክት አንቶኒ ጋውዲ ነው።

በአህያ ጀርባ ያለፈ ልጅነት

አንቶኒ ጋውዲ ኢ ኮርኔት የተወለደው ጁን 25 ቀን 1852 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእኛ አገር ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን ድል ያደረጉበት ዓመት መሆኑ ነው። የትውልድ ቦታው ሬውስ ከተማ ነው የሚሉ አሉ፤ አይ፣ ጎረቤቷ ሪውዶምስ መንደር ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ሁለቱም በስፔን ካታሎንያ ውስጥ ይገኛሉ።

አባቱ ፍራንሴስክ መዳብ ቀጥቃጭ ነበር። የአረቄ ማውጫ ጋኖችን ከመዳብ እየሠራ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። ሙያው ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ትንሹ አንቶኒ ጠፍጣፋ የመዳብ ቆርቆሮ በመዶሻ ሲመታ፣ ሲጎብጥ፣ ሆድ ሲያወጣና በመጨረሻ ጋን ሲሆን እያየ አደገ። ሌሎች የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ነገርን ሁሉ በወረቀት ላይ በማስመሪያ እያሰመሩ ሲማሩ፣ እሱ አንድን ቅርጽ ሳይስለው በፊት ዙሪያውን በልቡ ማየት ይችል ነበር። ይህንንም ከአባቱ ወርክሾፕ ያገኘው ሀብት መሆኑን አድጎ ይናገር ነበር።

ለቤተሰቡ አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። ከአምስቱ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። እሱም ቢሆን ጤነኛ አልነበረም። ገና በልጅነቱ ቁርጥማት ያዘው። እግሩን ሲያመው መራመድ ስለማይችል በአህያ እየተጫነ ይሄድ ነበር። እኩዮቹ ሲሯሯጡ እሱ የቤተሰቡ እርሻ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያየውን ያያል። ቀንድ አውጣ ቤቱን እንዴት እንደሚጠመጥም፣ የዛፍ ግንድ ቅርንጫፉን እንዴት እንደሚሸከም፣ ሸምበቆ በነፋስ ጎንበስ ብሎ እንዴት ሳይሰበር እንደሚቀር አስተዋለ። ሕመም ያስቀመጠው ልጅ የተፈጥሮ ተማሪ ሆነ።

በ1868 ገደማ ለትምህርት ወደ ባርሴሎና ሄደ። ቤተሰቡ ሀብታም ስላልነበረ ለሌሎች አርክቴክቶች ንድፍ እየሳለ በሚያገኛት ገንዘብ ነበር የተማረው። በ1876 አዲስ ሐኪም የሆነው ወንድሙ ፍራንሴስክ ሞተ። ሁለት ወር ሳይቆይ እናቱ ተከተለች። በ1879 ደግሞ እህቱ ሮዛ ትንሽ ሴት ልጅ ትታ አረፈች። ጋውዲ ከሽማግሌ አባቱ ጋር ሆኖ የእህቱን ልጅ አሳደገ። እሱ ራሱ አላገባም። በወጣትነቱ ማታሮ በምትባል ከተማ የምትኖር ፔፔታ ሞሬው የተባለች አስተማሪ ወዶ ነበር፤ እሷ ግን ልቧን ለሌላ ሰጥታ ነበርና አልተሳካም። ከዚያ በኋላ ሥራው ሚስቱ ሆነ።

ዲፕሎማውን ያገኘው በ1878 ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ዲፕሎማውን ሲሰጡት የሸለሙት እብድ ይሁን ሊቅ ጊዜ እንደሚለየው ተናግረው ነበር ይባላል። ጊዜ ለመለየት ብዙ ዓመት ፈጀ።

የጓንት ነጋዴው መስተዋት

ብዙ ሰው ጋውዲን የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያን ነው። ዕድሉ የተከፈተው ግን በሱቅ ዕቃ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1878 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ኤስቴቬ ኮሜያ የተባለ የባርሴሎና ጓንት ነጋዴ ጓንቶቹን ፓሪስ ላይ የሚያሳይበት የመስተዋት ማሳያ አስፈለገው። ሥራውን ለአዲሱ ምሩቅ ሰጠው። ጋውዲ ብረት፣ እንጨትና መስተዋት አዋሕዶ አንድ ማሳያ ሠራ። ማሳያው ከጓንቱ ይልቅ የሰው ዓይን ሳበ።

ዓይናቸው ከተሳበው ሰዎች አንዱ ኤውሴቢ ጉዌል የተባለ የካታሎንያ ባለ ፋብሪካ ነበር። ጉዌል የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት፣ ብዙ የተማረና ከተማውን የሚወድ ከበርቴ ነው። ወደ ባርሴሎና ሲመለስ ማሳያውን የሠራውን ወጣት አፈላልጎ አገኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዌል እስከሞተበት እስከ 1918 ድረስ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ አንዱ ገንዘብ ሌላው ሐሳብ እያዋጡ ኖሩ። በ1886 የጉዌል ቤተ መንግሥት መሠረት ተጣለ፤ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ አካባቢ አዲስ አበባን በቆረቆሩበት ዓመት ማለት ነው።

ቀደም ብሎ፣ በ1883፣ ማኑዌል ቪሴንስ የተባለ ሰው የመኖሪያ ቤት እንዲሠራለት ጠየቀው። ጋውዲ ቦታውን ሊያይ ሲሄድ መሬቱ በቢጫ አበቦች ተሸፍኖ፣ በመካከሉ አንድ ትልቅ የዘንባባ ዛፍ ቆሞ አገኘ። ለቤቱ መሠረት ሲባል አበቦቹ መነቀላቸው አልቀረም። እሱ ግን አበቦቹን በግድግዳው ሴራሚክ ላይ መለሳቸው፤ የዘንባባውን ቅጠል ደግሞ የብረት አጥር አደረገው። ያንን አጥር ዛሬም ያየ ሰው ብረት መሆኑን ለማመን ጠጋ ብሎ መንካት ያምረዋል። መሬት ላይ ያገኘውን ነገር ወደ ቤት ውስጥ የማስገባት ልማዱ በዚህ ጀመረ።

ቢሮ፣ ካፌ፣ ሲኒማ ቤት

ስለ ጋውዲ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የንግድ ቤቶች ሥራው ነው። ገና በ1879 ባርሴሎና ውስጥ ለአንድ መድኃኒት ቤት የውስጥ ዕቃና ጌጥ ሠርቷል። በሊዮን ከተማ ለጨርቅ ነጋዴዎች የሠራው ካሳ ቦቲኔስ በ1892 ተጠናቀቀ። ምድር ቤቱ መጋዘንና መሸጫ፣ ፎቁ መኖሪያ ነው፤ የእኛ ሰው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ከፍቶ እላዩ ላይ እንደሚኖረው ዓይነት።

ከንግድ ቤቶቹ ሁሉ ቆም ብለን ልናየው የሚገባው ካሳ ካልቬት ነው። ከ1898 እስከ 1900 የተሠራ ነው። ያሠራው የካልቬት ቤተሰብ በጨርቅ ንግድ የተሰማራ ስለነበር፣ ምድር ቤቱ ለንግድ ቢሮ፣ ላይኛው ለመኖሪያ ተመደበ። ጋውዲ ከቤቱ መግቢያ ጎንና ጎን ያቆማቸው ዓምዶች የፈትል ማጠንጠኛ ቅርጽ አላቸው። ገና ከመንገድ ላይ የቆመ ሰው የቤቱ እንጀራ ክር መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። ሟቹ የቤቱ አባወራ እንጉዳይ መሰብሰብ ይወድ ስለነበር በሰገነቱ ላይ እንጉዳዮች ተቀርጸዋል።

ለቢሮው የሠራቸውን ወንበሮች ማየት ያስፈልጋል። ከኦክ እንጨት የተሠሩ ናቸው። ጨርቅም ስፖንጅም የላቸውም፤ ነገር ግን ጀርባቸው የሰውን ጀርባ፣ መቀመጫቸው የሰውን መቀመጫ ተከትሎ ተፈልፍሏል። ሰው ወንበሩን እንዲለምድ ከመጠበቅ ይልቅ ወንበሩ ሰውን እንዲለምድ አደረገው። የበር መያዣዎችን ሲሠራም ጭቃ በእጁ ጨብጦ፣ የጣቶቹ አሻራ የተወውን ቅርጽ በብረት ያስቀርጽ ነበር ይባላል። በሩን የሚከፍት ሰው የጋውዲን እጅ እንደ መጨበጥ ነው። በ1900 የባርሴሎና ከተማ የዓመቱ ምርጥ ሕንፃ ብላ ካሳ ካልቬትን ሸለመች። በሕይወት ዘመኑ ከተማው የሰጠው እንዲህ ያለ ሽልማት ይህ ብቻ ነው።

በ1902 ካፌ ቶሪኖ የሚባል ቡና ቤት ሲከፈት ከሌሎች አርክቴክቶች ጋር ሆኖ አንዱን ክፍል አስጌጠ። የሚገርመው የተጠቀመበት ነገር ነው፤ ተጠቅጥቆ የተለጠፈና ቫርኒሽ የተቀባ ካርቶን! በ1904 ደግሞ ላ ራምብላ በተባለው ጎዳና ላይ ለአንድ ሲኒማ ቤት አዳራሹን ዋሻ እንዲመስል አድርጎ ሠራ። ሰዎች ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማየት ዋሻ ውስጥ ይገቡ ነበር። ካፌውም ሲኒማ ቤቱም ብዙ ሳይቆዩ ጠፍተዋል። የንግድ ቤት ዕጣው እንዲህ ነው፤ ተከራይ በተለወጠ ቁጥር ጌጡም ይለወጣል።

የተገለበጠ ሐብል

እዚህ ላይ ስለ ጋውዲ በሰፊው የሚነገረውን አንድ ስህተት ማረም ያስፈልጋል። ብዙዎች ግድግዳ የሚያጎብጠው ለውበት ሲል፣ ደስ ስላለው ብቻ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን እሱ ከብዙ መሐንዲሶች የበለጠ ስለ ክብደት ይጨነቅ ነበር።

አንባቢ አንድ ነገር ይሞክር። የአንገት ሐብል ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅ ይያዝና ወደ ታች ይልቀቀው። ሐብሉ በራሱ ክብደት ጎብጦ አንድ ቅርጽ ይይዛል። በዚያ ቅርጽ ውስጥ እያንዳንዱ ቀለበት የሚቀጥለውን ይስባል፤ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል የለም። ይህን ቅርጽ እንዳለ ገልብጠን በድንጋይ ብንሠራው ስበቱ ሁሉ ወደ ግፊት ይለወጣል። ድንጋይ ደግሞ ሲስቡት ይበጠሳል እንጂ ሲጫኑት ይችላል። ስለዚህ የተገለበጠው ሐብል ከጎኑ ድጋፍ ሳያስፈልገው የሚቆም ቅስት ይሆናል።

ይህን ሌሎችም ከእሱ በፊት ያውቁት ነበር። ጋውዲ ግን ቤት ሠራበት። ገና ጀማሪ ሳለ በማታሮ ለሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ባነጸው አዳራሽ፣ አጫጭር ሳንቃዎችን እየገጣጠመ ሰፊውን አዳራሽ ያለ መሐል ምሰሶ የሚያሻግሩ የእንጨት ቅስቶች አቆመ። በኋላ ደግሞ በጉዌል የፋብሪካ ሠራተኞች መንደር ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ሲነሳ፣ ከ1898 እስከ 1908 አሥር ዓመት የፈጀ ሞዴል አዘጋጀ። ሞዴሉ ወረቀት አይደለም። ከጣሪያ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ክሮችና በክሮቹ ላይ የታሰሩ፣ የእርሳስ ፍንጣሪ የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች ነበሩ። ከረጢቶቹ የሕንፃውን ክብደት በሚዛን ይወክላሉ። ክሮቹ ራሳቸው ፈልገው ቅርጻቸውን ሲይዙ ፎቶግራፍ ይነሳሉ፤ ፎቶው ይገለበጣል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅርጽ ይወጣል። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራውን ስሌት እሱ በክርና በከረጢት ሠራው።

የዚያ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ብቻ ነው የተጠናቀቀው። ቢሆንም ውስጡ የገባ ሰው የጫካ ስሜት ይሰማዋል። ያልተጠረቡ የጥቁር ድንጋይ ዓምዶች እንደ ዛፍ ግንድ ዘንበል ብለው ጣሪያውን ተሸክመዋል። የመስኮቶቹ ፍርግርግ የተሠራው ከፋብሪካው አገልግለው ከተጣሉ የሽመና መርፌዎች ነው። ሀብታም ደጋፊ እያለው ያገለገለ መርፌ ለቅሞ መስኮት መሥራቱ የሰውየውን ጠባይ ይናገራል።

ሁለቱ ቤቶች

በ1904 ጆሴፕ ባትዮ የተባለ የጨርቅ ባለ ፋብሪካ በባርሴሎና ዋና ጎዳና ላይ ያለውን አሮጌ ቤቱን አፍርሶ እንዲሠራለት ጋውዲን ጠየቀው። ጋውዲ ማፍረሱን አልወደደም። ያለውን ቤት አድሶ ለወጠው። የፊት ለፊቱ ዓምዶች አጥንት ስለሚመስሉ የከተማው ሰው የአጥንት ቤት አለው። ጣሪያው የዘንዶ ጀርባ ይመስላል። ሳሎኑ ውስጥ ኮርኒሱ እንደ ውኃ አዙሪት እየተጠመዘዘ ወደ መብራቱ ይገባል።

ከጌጡ ይልቅ የሚደንቀው ግን የብርሃን ጉዳይ ነው። በቤቱ መሐል ብርሃንና አየር የሚያስገባ ጉድጓድ መሰል ክፍተት አለ። ጋውዲ ይህን ክፍተት በሰማያዊ ሴራሚክ ለበጠው። ፀሐይ በሚበዛበት በላይኛው ክፍል ሴራሚኩ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየነጣ ይሄዳል። መስኮቶቹም ላይ ትናንሽ፣ ታች ትላልቅ ናቸው። በዚህ ምክንያት ምድር ቤት የሚኖረውም ፎቅ የሚኖረውም የተቀራረበ ብርሃን ያገኛል።

ከ1906 ጀምሮ ደግሞ በዚያው ጎዳና ላይ ለሚላ ቤተሰብ ካሳ ሚላን ሠራ። ፊቱ እንደ ባሕር ማዕበል የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት ዓምዶች ስለሆኑ የውስጥ ግድግዳዎቹ በፈለጉት በኩል ሊጠማዘዙ፣ ሲያስፈልግ ሊነሱም ይችላሉ። የከተማው ሰው ቤቱን ላ ፔድሬራ፣ ማለትም የድንጋይ ማውጫው አለው። ስያሜው ስድብ ነበር። አንዱ የካርቱን ሠዓሊ የአየር መርከቦች ማደሪያ አድርጎ ሣለው። ማዘጋጃ ቤትም አልተኛም። አንድ ዓምድ የእግረኛ መንገድ ገፍቷል፣ ቁመቱም ከተፈቀደው አልፏል ተብሎ ተከሰሰ። በኋላ ሕንፃው የተለየ ሐውልታዊ ሥራ ነው ተብሎ ከደንቡ ነጻ ሆነ።

ባለቤቶቹም በክፍያ ጉዳይ ከአርክቴክቱ ጋር ፍርድ ቤት ቆሙ። ጋውዲ ረታ። ያገኘውን ከ100 ሺህ ፔሴታ በላይ ግን ለመነኮሳይያት ሰጠው። እሱ ከሞተ በኋላ የቤቱ እመቤት በሚኖሩበት ፎቅ ያለውን አብዛኛውን ጌጥና ዕቃ አስነስተው በፈረንሳይ ነገሥታት ዘመን ስልት አስጌጡት። እንደ ሰው መሆን ፈለጉ። ዛሬ ጎብኚው ገንዘብ ከፍሎ የሚገባው እሳቸው የጣሉትን ለማየት ነው።

ያልተሸጠው መንደር

የጋውዲ ሕይወት የስኬት ታሪክ ብቻ ነው ብሎ መጻፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። በ1900 ጉዌል በአንድ ራቁት ኮረብታ ላይ 60 ያህል ቦታ ሸንሽኖ ለሀብታሞች የመኖሪያ መንደር ሊያሠራ ተነሳ። ጋውዲም መንገዱን፣ ገበያውን፣ አደባባዩን ሠራ። ኮረብታውን ደልድሎ ከማስተካከል ይልቅ መንገዶቹን በኮረብታው ዙሪያ አጠማዘዘ። ለድልድዮቹ ድንጋይ ከሩቅ አላስመጣም፤ እዚያው ሲቆፈር የወጣውን ተጠቀመ።

ለገበያ የታሰበው አዳራሽ 86 ዓምዶች አሉት። ከአዳራሹ በላይ ያለው አደባባይ የዝናብ ውኃ ይሰበስባል። ውኃው አሸዋና ጠጠር ውስጥ ተጣርቶ፣ በዓምዶቹ ሆድ ወርዶ ከታች ማጠራቀሚያ ይገባል። አደባባዩን እንደ እባብ የሚዞረው ረጅም መቀመጫ በተሰባበረ ሴራሚክ የተለበጠ ነው፤ በዚህ ሥራ ዋናው ረዳቱ ጆሴፕ ማሪያ ዡዦል ነበር። ጠፍጣፋ ሴራሚክ በጎባጣ ነገር ላይ አይለጠፍም፤ ስለዚህ ይሰበራል። ከፋብሪካ የተጣለ፣ ሲጫን የተሰበረ፣ ሰሃንና ብርጭቆ ሳይቀር ለዚህ ሥራ ዋለ።

እንዲያም ሆኖ መንደሩ ከሰረ። ከ60ው ቦታ ሁለት ቤት ብቻ ተሠራ። አንዱን ጋውዲ ራሱ ገዝቶ በ1906 ከአባቱና ከእህቱ ልጅ ጋር ገባበት። አባቱ በዚያው ዓመት ሞተ። የእህቱ ልጅ በ1912 አረፈች። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ለብቻው ቀረ። ሥራው በ1914 ቆመ፤ ጉዌል ከሞተ በኋላ ቦታው ለከተማው ተሸጦ የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። ለጥቂት ሀብታሞች የታቀደው ግቢ የሁሉም ሆነ ማለት ነው።

አፍሪካም ላይ ያልተሳካ ሥራ ነበረው። በ1892 ለፍራንሲስካውያን ሚሲዮን ሞሮኮ ውስጥ ታንጂየር ላይ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነድፎ ነበር። ሳይሠራ ቀረ። የዚያ ንድፍ ሾጣጣ ማማዎች ግን በኋላ በባርሴሎናው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ላይ ተመልሰው መጡ።

የመጨረሻው ጉዞ

ያ ቤተ ክርስቲያን ሳግራዳ ፋሚሊያ ነው፤ ቅዱስ ቤተሰብ ማለት ነው። በ1882 በሌላ አርክቴክት ተጀመረ። በዓመቱ፣ ጋውዲ በ31 ዓመቱ ተረከበው። ከ1914 በኋላ ሌላ ሥራ አልቀበልም ብሎ ዕድሜውን በሙሉ ለእሱ ሰጠ። የውስጥ ዓምዶቹ እንደ ዛፍ ወደ ላይ ቅርንጫፍ እያወጡ ጣሪያውን ይይዛሉ። ለውጪው ሐውልቶች ሞዴል ያደረገው የሰፈሩን ሰዎችና እንስሳት ነበር። ወደ ግብፅ ስደት ለሚያሳየው ቅርጽ አህያ ሲፈልግ እውነተኛ አህያ አስመጥቶ ቅርጿን በጀሶ አስወሰደ። በልጅነቱ የተሸከመችው አህያ በዚህ መልክ ውለታዋን ያገኘች ይመስላል።

ገንዘብ ሲያልቅ ቆብ ይዞ ደጅ ለደጅ ምጽዋት ጠየቀ። ልብሱ አረጀ፤ ምግቡ አነሰ። በመጨረሻዎቹ ወራት መኝታውን ወደ ግንባታው ወርክሾፕ አዛወረ። ጁን 7 ቀን 1926 ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው ለጸሎት ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ሲሄድ ትራም ገጨው። ኪሱ ውስጥ መታወቂያ አልነበረም። መልኩን ያዩ ሁሉ ለማኝ መሰላቸው፤ ታክሲዎችም ሊጭኑት አልፈለጉም። በመጨረሻ ወደ ድሆች ሆስፒታል ተወሰደ። ማንነቱ የታወቀው በማግስቱ ነው። ጁን 10 ቀን፣ 74 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አረፈ። ለቀብሩ ባርሴሎና መንገዱን ሞላችው። ያረፈውም እዚያው በሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው።

ሲሞት ያለቀ ማማ አንድ ብቻ ነበር። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ወርክሾፑ ተቃጠለ፤ ንድፎቹ ነደዱ፤ የጀሶ ሞዴሎቹ ተሰባበሩ። ተከታዮቹ ስብርባሪውን ለቅመው፣ እንደ ሴራሚኩ አጣብቀው ቀጠሉ። ዩኔስኮ ከ1984 ጀምሮ ሰባት ሥራዎቹን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በ2010 ጳጳስ ቤኔዲክቶስ 16ኛ ሳግራዳ ፋሚሊያን ባረኩ። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የዓለም ረጅሙ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የመሐሉ ማማ በንድፉ 172.5 ሜትር ነው፤ የሰው ሥራ ከፈጣሪ ሥራ መብለጥ የለበትም ብሎ ጋውዲ ከከተማው የሞንጁዊክ ኮረብታ ጥቂት ዝቅ እንዲል አድርጎታል።

ወደ ኮዬ ፈጬ ስንመለስ

ከዚህ ሰው ታሪክ ለእኛ ሳጥን ሱቆች ምን ይተርፋል? ጋውዲን መገልበጥ አይደለም። የባርሴሎናን ዘንዶ ኮዬ ፈጬ ማምጣት ከጂፕሰሙ የተለየ ነገር አይሆንም፤ እሱም ከውጭ የመጣ ይሆናልና። እሱ ያደረገው የአገሩን ጡብ፣ የኮረብታውን ድንጋይና የፋብሪካውን ውዳቂ አንስቶ በአባቱ ወርክሾፕ የተማረውን ጥምዝ መሥራት ነው።

እኛም ጥምዝ አላጣንም። ጎጆ ቤታችን ክብ ነው። የዶርዜ ሽማኔ ቤቱን ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይጎነጉነዋል፤ ሥሩን ምስጥ ሲበላው ቤቱ ዝቅ እያለ፣ ሲያስፈልግም ተነስቶ ሌላ ቦታ እየተተከለ ዘመናትን ይሻገራል። ቀርከሃው ከእንጅባራ እስከ ሲዳማ ደጋ ድረስ አለ። መሶብ፣ ጀበና፣ አገልግል፣ በርጩማ፤ አንዱም ማዕዘን የለውም። በንግድ ቤት ደረጃም ቢሆን ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜ በ1965 የተጠናቀቀውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ክብ አድርጎ ሠርቶልናል፤ ባንክ ክብ መሆን ከቻለ ቡና ቤት የማይችልበት ምክንያት የለም።

በእርግጥ ሥራው ዋጋ አለው። ቀርከሃ ካልታከመ ይነቅዛል። ጎባጣ መደብ የሚገነባ ግንበኛ ማግኘት ቀጥ ያለውን ከሚገነባው ይልቅ ይከብዳል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የሰው ቀልድ ነው። ጋውዲ ቀልዱን የቻለው ጉዌል የሚባል ሰው ከኋላው ስለቆመ ነው። የኮዬ ፈጬዋ ወጣት ጉዌል የላትም፤ ያላት ቡናዋን የሚጠጣው ደንበኛ ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ አልኩ። መደቡ ገና አልፈረሰም። ባለፈው ሲቀልዱ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ጥምዙ ላይ ጀርባውን አሳርፎ፣ እግሩን ዘርግቶ ጋዜጣ ያነባል። ከጎኑ ተቀመጥኩና ቡና አዘዝኩ።